ገፋ አድርጎ ማየት

የቢሯችንን ኮምፒውተሮች የምትጠብቀውን ባልደረባችንን «ዘበኛዋ» ነው የምንላት። አባቷ የመጋዘን ዘበኛ ነበሩ፤ በሩን ቆልፈው በትከሻቸው ገፋ ሳያደርጉት ንቅንቅ አይሉም ነበር። እሷም የአባቷ ልጅ ናት። የደኅንነት ሶፍትዌሩ «ተጠብቀዋል» ብሎ አረንጓዴ ሲያበራ እኛ እናምነዋለን። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት፣ ሶፍትዌሩ ማገድ ያለበትን፣ ለሙከራ ብቻ የተሠራ ድረ ገጽ ራሷ ለመክፈት ትሞክራለች። እንቢ ካላት ደስ ብሏት ሥራዋን ትጀምራለች።

ሰኞ ዕለት ገጹ ወለል ብሎ ተከፈተ። ማንንም ሳትጠይቅ የቢሮውን ኢንተርኔት በሙሉ አጠፋችው። ሥራ አስኪያጁ ከክፍላቸው በረው ወጡ።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? አረንጓዴ እኮ ነው የሚያሳየው!»

«አረንጓዴውን ይተዉት ጋሼ። አደገኛ ድረ ገጾችን እያስገባ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሶፍትዌሩን የሸጠልን ድርጅት ጋ ደወሉ። «በእኛ በኩል ምንም ችግር የለም» አለ ስልኩን ያነሳው ሰውዬ፣ ሳያጣራ። የእኔ ደም ፈላ፤ እሷ ግን ፈገግ ብላ ሻይዋን ጠጣች።

ከሰዓት በኋላ ሰውየው ራሱ ደወለ፤ ድምፁ ወርዷል። ለካ አዲሱ አፕዴት ማገጃውን አጥፍቶት ኖሯል። አስተካከሉት፤ እሷም በራሷ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ኢንተርኔቱን ከፍታ ሞክራ፣ ገጹ እንቢ ሲላት ለሁላችንም ለቀቀችልን።

ማታ ሥራ አስኪያጁ ክፍላቸውን ቆልፈው ጥቂት እንደተራመዱ ቆም አሉ። ግራ ቀኝ አይተው ተመለሱና በሩን በትከሻቸው ገፋ አደረጉት።

ወለል ብሎ ተከፈተ።