ዋልካውን እንዲያሸንፉ የገጠምኳቸው ጎማዎች

ያን ጠዋት ከእርሻው ካምፕ ወደ ኮኪት ጤና ጣቢያ ስንነሳ ፒካፗ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። መሪውን የያዙት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ሾፌር ናቸው፤ የሳንጃ ሰው። ከጎናቸው የካምፑ ወጥ ሠሪ ተቀምጣለች፤ ወሎዬ ናት። ከኋላ፣ ጭነቱ ቦታ ላይ፣ ለሰሊጥ አረም ከጎጃም የመጡ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ታናሹ ወባ ጥሎት ጆንያ ላይ ተኝቷል፤ ታላቁ የወንድሙን ራስ ታፋው ላይ አድርጎ ይዟል። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ የእርሻው መካኒክ፣ ጎማዎቹን የገጠምኩት።

ሙያውን ኮኪት ውስጥ የተበላሸ እየፈታሁ ለብቻዬ ነው የተማርኩት። አስተማሪ ስላልነበረኝ ከመገመት ይልቅ መለካት እመርጣለሁ። በዚያ ክረምት ከካምፑ እስከ ኮኪት ያለው ጥቁር የዋልካ ጭቃ ፒካፗን እየዋጠ አስቸገረን፤ ባለእርሻውም ከጎንደር ደውሎ መላ ፈልግ አለኝ። መተማ ዮሐንስ ወርጄ ከሱዳኗ ገላባት የተሻገሩ ያገለገሉ ጎማዎች አገኘሁ፤ ጥርሳቸው ጥልቅ፣ ቁመታቸው ከእኛዎቹ በአራት ጣት የሚበልጥ። ጎማውን እንዳይነካው የፓራፋንጎውን ጠርዝ ቆረጥኩ። መሪውን እስከ ጥግ በሁለቱም በኩል አዙሬ ጎማው የፍሬን ቱቦውን እንደማይነካ አየሁ። ረካሁ።

«መኪናዋን ታኮ ጫማ አደረግህላት እኮ» አለች ወጥ ሠሪዋ።

«ታኮ ያደረገች ጭቃ ላይ ስትሮጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉ ጋሼ።

ሮጠች ግን። የጎረቤት እርሻ መኪኖች መንገዱ እስኪደርቅ ሲጠብቁ የእኛዋ ታልፍ ነበር። ጥቂት ቀን ከነዷት በኋላ ጋሼ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ አንደኛው ማርሽ ሁለተኛ ሆነብኝ። ስትነሳ ታቃስታለች።»

«ጎማው ስለረዘመ ነው። ይለምዱታል ጋሼ» አልኳቸው።

መልሴ ልክ ነበር፤ ግን ሐሳቡን እስከ መጨረሻው አልሄድኩበትም። ውኃ የሞላ ጀሪካን ደረት ላይ አስጠግቶ መያዝና ክንድን ዘርግቶ መያዝ አንድ አይደለም። ጎማም ሲረዝም ሸክሙ ከመሐሉ ይርቃል፤ ከዲፍረንሻሉ ወደ ጎማው ኃይል የሚያሻግረው የብረት ዘንግ ያችኑ መኪና ለመግፋት የበለጠ ይጠመዘዛል። እኔ የለካሁት በዓይን የሚታየውን ክፍተት ብቻ ነበር።

ያን ጠዋት መንገዱን ስናጋምስ የኋላ ጎማዎቹ ሰመጡ። በእኛ አገር ዋልካ ሲይዝ የሚደረገው ይታወቃል፤ ሾፌሩ አንዴ አንደኛ ማርሽ፣ አንዴ የኋላ ማርሽ እያስገባ መኪናውን ያወዛውዛል፣ የቀረው ሰው ከጎማው ሥር የማሽላ አገዳ ይጎዘጉዛል። በድሮዎቹ ጎማዎች ይህን ስናደርግ ጎማው መሬቱን ሳይነክስ እየሸሸ ይሽከረከርና ፊታችንን በጭቃ ይለቀልቀን ነበር። እኛ እንረግመዋለን እንጂ ብረቱን የሚያድነው ያ መሸሹ ነበር፤ የተረፈው ኃይል ጭቃው ውስጥ ይባክናል። አዲሶቹ ግን አገዳውን ነከሱት። አልሸሹም።

«ያዘች?» አሉ ጋሼ በመስኮት።

«ይዛለች ጋሼ። ነዳጅ ይስጧት» አልኩና ሌላ እቅፍ አገዳ ጨመርኩ።

ከሥር ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ዘንጉ ተሰብሮ ነበር።

«ስንት ይፈጃል?» አለኝ ታላቅየው።

«ዛሬ አይሆንም።»

እሱም ወዲያው የጭነቱን ሸራ መፍታት ጀመረ። ሸራውን ተሸክመውት ከነበሩት ብረቶች ጋር አስረን ቃሬዛ ሠራንና ልጁን እየተቀባበልን ተሸከምነው። እግራችን ዋልካውን እየጎተተ፣ ኮኪት ጤና ጣቢያ የደረስነው ሲመሻሽ ነው።

ልጁ ተረፈ። ትኩሳቱ ሲለቀው ግን ጆሮው አይሰማም ነበር። የጤና ባለሙያው እንዲህ ያለ ወባ ራሱ መስማት ሊነጥቅ እንደሚችል፣ መድኃኒቱም እንደዚያው፣ መዘግየቱም ሳያባብሰው እንደማይቀር፣ የትኛው እንደሆነ ግን መለየት እንደማይቻል ነገረን።

እዚያው ደጃፍ ላይ ጎማው ነው ብዬ ሁሉንም አስረዳኋቸው። የሰማኝ የለም።

«ያወዛወዝኳት እኔ፤ የሰበርኩት እኔ» አሉ ጋሼ።

«ወንድሜን ወባ ወደሚበላበት አገር ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ» አለ ታላቅየው።

«ለጥፋትም ወረፋ ትይዛላችሁ?» አለች ወጥ ሠሪዋ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዘንጉን ስቀይር የድሮዎቹን ጎማዎች መለስኩ። መኪናዋ እንደገና መስመጥ ጀመረች፤ ሰውም ደህናውን ጎማ ለምን ፈታህ እያለ አማረረብኝ።

ያን ቀን ፒካፗ ላይ አብረን ከነበርነው ይህን የሚያነብ ካለ፣ የጎደለኝን ይሙላልኝ። ከካምፑ ልንነሳ ስንል ወጥ ሠሪዋ ልጁን በስሙ ጠርታ ውኃ ስትሰጠው ፊቱን ወደ እሷ ሲያዞር አይቻለሁ። ድምፅዋን ሰምቶ ይሁን ኩባያውን አይቶ አላውቅም። ኩባያውን የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ራሱን የደገፍከው አንተ ነህ። ያኔ ይሰማ ነበር፣ ወይስ ጎማዬ ሳያዘገየን በፊት ጆሮው ተዘግቶ ነበር? መንገድ ላይስ አናግሮሃል? ለማጽናናት ብላችሁ ሳይሆን እንደነበረው ንገሩኝ።