የእናቴ ጡረታ

አባቴ ዕድሜውን ሞያሌ መንገድ ላይ በከባድ መኪና የጨረሰ ሰው ነው። ጡረታ በወጣ ማግስት የዓይን ግፊት ግራ ዓይኑን ወሰደበት፤ ቀኙም ደከመ። መሪውን ግን ማን ይንጠቀው? እኔ ሴት ልጁ ቁልፉን ብደብቅበት ምግብ አልበላም ብሎ ተኛ። ልጅነት እንደሆነ ድሮም አልለቀቀውም።

ስለዚህ እናቴ ዓይን ሆነችለት። ከጎኑ ትቀመጥና "ባጃጅ በግራ፣ ጋሪ ከፊት፣ ቀስ በል፣ ጉድጓድ" እያለች ከቤታችን ቤተ ክርስቲያን ድረስ ታደርሰዋለች። እሷ እንኳን መኪና ብስክሌት ነድታ አታውቅም፤ ግን ገና ከአፏ ሳይወጣ የእሱ እግር ፍሬን ላይ ነው። "ረዳቴ" ይላታል፣ በጭነቱ ዘመን አብሮት ይጓዝ የነበረውን ሰው እንደሚጠራው።

ከዚያ ያቺ የኤሌክትሪክ መኪና መጣች። ካሜራ አላት፤ ከፊቷ መኪና ካየች ራሷ ፍሬን ትይዛለች፤ መስመር ከሳተች ትጮኻለች። በእኛ ሰፈር መንገድ ላይ መስመር የሚባል ነገር ከጠፋ ቆይቷል እንጂ፤ ይሁን። በገዛት ሳምንት መናኸሪያ አካባቢ አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ሊጭን ድንገት ሲቆም፣ አባቴ ሳያየው መኪናዋ ቀጥ አለች። እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

"በቃ ረዳቴ፣ ጡረታ ወጥተሻል" አላት። "አንቺም እስቲ እንደ ሰው ዘና ብለሽ ሂጂ።"

በፍቅር ነው ያላት። እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ቢሰድባት ኖሮ እልኳ ተነስቶ ከበፊቱ ብሳ ትናገር ነበር። ጥቂት ቀን ልማዱ አልለቅ ብሏት "ባጃጅ" ስትል፣ እሱ "አይታዋለች" ይላታል። ቀስ በቀስ ተወችው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዓሣ ልንበላ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወረድን። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ፤ እናቴ ወደ እኔ ዞራ ታወራለች። ልጅ ሆኜ ሐይቁ ዳር አንድ እግር ጫማዬን ጥዬ እንዴት እንዳለቀስኩ እያነሳች ትስቅብኛለች። መኪና ውስጥ ፊቷን አይቼ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ ዓይኗ መንገዱ ላይ ስለነበረ እኔ የማውቀው ሻሿን ብቻ ነው። እንዴት ታምር ነበር!

ከፊታችን ፌሮ ብረት የጫነ ጋሪ ቆሟል። ብረቱ ከጋሪው አልፎ ወደ ኋላ ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። መኪናዋ አልጮኸችም፤ አልቆመችምም። ብረቱ የገባው በእናቴ በኩል ነው። የጫማዬን ወሬ አልጨረሰችውም።

ኋላ ሰዎች አስረዱኝ። ካሜራው የሚለየው የመኪና ጀርባና ሰው ነው፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን ብረት አያውቅም፤ ከመኪናዋ ጋር በመጣው መጽሐፍ ላይም ተጽፏል አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ያ ቀይ ጨርቅ የታሰረው ለሰው ዓይን ነበር፤ እናቴ ብታየው ትናገር ነበር።

ለቅሶ ላይ ሁሉም ቀኗ ደርሶ ነው፣ ጌታ ወሰዳት አለ። አባቴ ግን ማንም ሳይጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ይደጋግም ነበር፤ "ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።"

ቁልፉን ራሱ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ያቺን መኪና ሸጥናት። አሁን እሑድ እሑድ በእኔ አሮጌ መኪና ቤተ ክርስቲያን እወስደዋለሁ። እናቴ ትቀመጥበት በነበረው በኩል ይቀመጣል። ቀኝ ዓይኑም ከድቶታል፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን አያይም። ገና ከግቢ ስንወጣ ይጀምራል።

"ባጃጅ በግራ። ቀስ በይ። ጋሪ ከፊት።"

መንገዱ ባዶ ነው። ፍሬን እይዛለሁ።