ከስፌት መኪናው ሥር

ዛሬ ጧት ከጎረቤት ሱቅ የስፌት መኪና ድምፅ ሰማሁ። አሁን ሁሉም በኤሌክትሪክ ነው፤ ይኼኛው ግን የድሮው፣ በእግር የሚረገጠው ነበር። የዘይቱ ሽታ ሳይቀር አፍንጫዬ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርሁ። ያደግሁት ግን ቡሬ አጠገብ ካለ ደብር ዜማ ስማር ነው። አባቴ ሲሞት እናቴን የሚረዳ ጠፋና ትምህርቱን አቋረጥሁ። የኔታን እንኳ ሳልሰናበት ነው የወጣሁት። አፍሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጅጋ ገበያ ላይ ከሩቅ ባያቸው መንገድ እቀይር ነበር።

የመጀመሪያ ልጃችን ሴት ናት። አራት ዓመት ሞልቷት አንድ ቃል አልወጣትም። ትሰማለች፤ ስትጠራ ትዞራለች፤ አፏን ግን አትከፍትም። ባለቤቴ ያላደረሰቻት ጠበል የለም። ጎረቤት ሲያዝንልን ደግሞ ይብስ ያመን ነበር። (ዛሬ ያች ልጅ የልጅ ልጅ አይታ ወሬዋን የሚያስቆማት ጠፍቷል!)

እኔ ጧት ጧት ይዣት እወጣና ከመኪናዬ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ አንጥፌ አስቀምጣታለሁ። እግሬ መርገጫውን ሲመታ ዜማው ራሱ ይመጣል። ቃሉን ትቼ ዜማውን ብቻ አንጎራጉራለሁ። እሷም መዳፏን በመኪናው ብረት ላይ ለጥፋ ሽቅብ ታየኛለች። ዝም ካልሁ ቁርጭምጭሚቴን ትቆነጥጠኛለች። ቀጥል ማለቷ ነው። እየሳቅሁ እቀጥላለሁ። ከደብሩ ከወጣሁ ጀምሮ ለሰው ያላሰማሁትን ሁሉ ለሷ አሰማኋት። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ዘመን የለም።

አንድ የክረምት ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ አባራ። እርጥቡ ባሕር ዛፍ ላይ ፀሐይ ወጣች። አንገቴን ደፍቼ አራራይ፣ ያን ለስለስ ያለውን ዜማ፣ እያንጎራጎርሁ ነበር። ትንፋሽ ልወስድ ሳቆም ዜማው ከሥር ቀጠለ። ቀጭን፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ ነው። እጄ ጨርቁ ላይ ቀረ። ልጄ ከተውሁበት ተቀብላ እየወሰደችው ነበር።

«ማነው የሚቀበልህ?» አለ ሌላ ድምፅ።

ቀና ስል የኔታ ናቸው! የተቀደደ ካባቸውን በክንዳቸው ይዘው ደረጃው ላይ ቆመዋል። ጉልበታቸውን ልስም ስነሣ፣ «ተቀመጥ! ልጅቱን አታስደንግጣት» አሉኝ። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በዚያ ዕድሜያቸው ከመኪናው አጠገብ ቁጢጥ አሉና በዝግታ አዜሙላት። ተቀበለቻቸው። ደገሙላት፤ ደገመች። አንድ ቦታ ላይ ስትስት ራሷ አቁማ እንደገና ጀመረች።

«መናገር አትችልም እኮ፣ የኔታ» አልሁ።

«ድምፅ ካላት ቃሉ የት ይሄድባታል? ጊዜዋን ስጣት።»

«እኔም ያኔ ሳልሰናበትዎ...»

«አባትህ ማረፉን ሰምቻለሁ» ብለው አቋረጡኝ። «የተቀየምሁህ ያን ሁሉ ዜማ ጥለኸው የሄድህ መስሎኝ ነው። ለካስ እያስተማርህ ኖሯል።»

ካባቸውን ሰፍቼ እስክጨርስ ከልጄ ጋር ሲያዜሙ ቆዩ።

ልጄ በጥቅምት «እማ» አለች። ባለቤቴ የያዘችውን ውኃ ደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ቃሉ በላይ በላዩ መጣ። በዓመቱ ከሰፈር ልጆች ጋር ስትሮጥ ትውል ጀመር፤ ወደ በረንዳው የምትመጣው ሲርባት ብቻ ሆነ። እንደ ሌላው ልጅ ሆነችልኝ ብዬ ፈጣሪን አመሰገንሁ። ቢሆንም ብዙ ቀን ከሥር ያለች እየመሰለኝ፣ እንዳልመታት መርገጫውን ቀስ አድርጌ እረግጥ ነበር።