ሞተር ሳናጠፋ

መኪናዋን ልሸጣት እንደሆነ ለአባቴ የነገርኩት አንድ ቅዳሜ ቁርስ ላይ ነው። ቤንዚን በጨመረ ቁጥር አፌ ላይ መጥቶ የምውጠው ነገር ነበር። ዋዜማውን ግን ማደያ ስሰለፍ ቆይቼ ሥራ አርፍጄ ስለነበር መዋጡ ሰለቸኝ። ቢሮዬ ሜክሲኮ ነው። እኛ የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ በባቡር ሁለት ፌርማታ። ለሁለት ፌርማታ መኪና ማቆየት ቅንጦት ነው አልኩት፤ የተለማመድኩት ንግግር ስለነበር አማረልኝ።

አባቴ የያዘውን ዳቦ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ታዲያ በምን ልወጣ ነው?»

እንዳይጠይቀኝ ስፈራው የነበረው ይህንኑ ነበር። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ መንጃ ፈቃዱን ማንም ሳያስገድደው ራሱ ነው መሳቢያ ውስጥ የቆለፈበት። ጉልበቱ የባቡሩን ደረጃ አይችልም፣ የታክሲውን ግፊያማ ጭራሽ። መኪናዋ ከሄደች እሱ የሚቀረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከበረንዳው ጋር ነው። ይህን እያወቅሁ ነበር የተናገርኩት፤ አፈርኩ፣ ግን አልመለስኩም።

«አንድ ወር ስጪኝ» አለ ትንሽ አስቦ። «አንዴ ሙሉ አስቀጂ። ወሩን ካደረሰን አትሸጪያትም። ካላደረሰን ገዢውን እኔው አመጣልሻለሁ።»

ተስማማሁ። እንደማያደርሰን እርግጠኛ ነበርኩ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን በወታደራዊ ሥርዓት ይተዳደር ጀመር። መጀመሪያ የዕቃ መጫኛው ይራገፍ ተባለ፤ ክብደት ቤንዚን ይበላል። ከውስጡ ሁለት የተቀደዱ ጎማዎች፣ እጀታ የሌለው ጃንጥላና ደርቆ ድንጋይ የሆነ ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ ወጣ። ሲሚንቶው ወጥ ቤቱን ላስጠግን ብዬ ገዝቼ የረሳሁት ነው፤ ስንት ጊዜ ቢሮ ይዤው ሄጄ ይዤው እንደተመለስኩ እግዜር ይወቀው። ቀጥሎ ጎሚስታ ጋ ሄደን ጎማዎቹ ተነፉ። ቤንዚን ደግሞ የሚቀዳው በማለዳ ነው፣ በብርድ ስለሚወፍር። ሳይንሱን አላውቅም፤ ብቻ በማለዳ ሄድን። ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሞተር ማስነሳት ክልክል ስለነበር በሩን ከፍቼ፣ አንድ እጄን መሪው ላይ አድርጌ፣ በቢሮ ጫማዬ እየገፋሁ ነው ማደያው የደረስኩት።

መንዳቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አብሮኝ በወጣ ቀን አባቴ ጋቢና ተቀምጦ መንገዱን ባያየውም በወገቡ ያውቀዋል። ከሰንጋ ተራ ወደ ሜክሲኮ ስንወርድ «አሁን እግርሽን አንሺ» ይለኛል፤ አነሳለሁ። «ማን አባሮሽ ነው?» ይለኛል፤ ዝግ እላለሁ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋብኛል። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩን እንዳጠፋ አዘዘኝና አጠፋሁት። መሪው ድርቅ፣ ፍሬኑም እንቢ አለኝ፤ የቆመ አውቶቡስ ልስም ጥቂት ሲቀረኝ በእጅ ፍሬን ተረፍን። ሁለተኛ እንደማላደርገው ነገርኩት። እሱም «የድሮዎቹ መኪኖች እንዲህ አይሉም ነበር» አለና በዚያው አለፈ።

ነገሩ ደስ ይለኝ እንደጀመረ አልክድም። ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ እየጻፍኩ ስለ ቤንዚን ጠቋሚዋ ቀስት አስባለሁ። ወደ ቤት ስመለስ አባቴ ገና በሩን ስከፍት «የት ላይ ነች?» ይለኛል፤ እንደ በሽተኛ ትኩሳት እነግረዋለሁ። በዐሥረኛው ቀን ግን ቀስቷ ከግማሽ በታች ወረደች። አባቴ መጀመሪያ ማደያውን ጠረጠረ፣ ከዚያ ቀስቷን፣ በመጨረሻ የእኔን ጫማ። ሶሉ ወፍራም ነው፣ ሳላውቀው ይጫናል ተባለና ነጠላ ጫማ አደረግሁ። ቀስቷ መውረዷን አላቆመችም።

ቤንዚናችን የት እንደሚሄድ የገባኝ በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው። ድሮ ሰንጋ ተራ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። ግቢው ለልማት ፈረሰና ጎረቤቱ ሁሉ በየኮንዶሚኒየሙና በየኪራይ ቤቱ ተበተነ። አባቴ ግን አልተበተነም። ከሥራ በኋላ ከቤት አውጥቼ ይዤው የምዞርበት ቀን ካለ፣ ሜክሲኮ ላይ መስኮቱን ከፍቶ የታክሲውን ሰልፍ በጆሮው ይፈትሻል። «ያ የእማማ ድምፅ አይደለም? ቁሚ፣ ቁሚ።» እማማ የምንላቸው በድሮው ግቢ ግድግዳ የተጋራናቸው የወሎ ሴት ናቸው፤ ጨርቃ ጨርቅ ነግደው ልጆች ያሳደጉ፣ አሁን ከልደታ ማርያም ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን የሚኖሩ። እሳቸውን ከሜክሲኮ አንስቶ ደጃፋቸው ድረስ ማድረስ ለአባቴ ግዴታ ነው።

ጉዞው አይደለም ችግሩ። ችግሩ ደጃፉ ነው።

«ግቡ እንጂ» ይላሉ እማማ።

«አይ፣ ሞተር አላጠፋንም» ይላል አባቴ።

ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሞተር ማጥፋት ማለት መግባት ነው፤ መግባት ማለት ደግሞ ሳይበሉ አለመውጣት። ሞተር ካልጠፋ ግን ቸኩለሃል፣ አይፈረድብህም። እኛም እንደቸኮልን፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ በመስኮት ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለፈረሰው ግቢና ማን የት እንደገባ እናወራለን። የዚያን ቀን ሰዓቴን አየሁ። ስንብቱ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ከሜክሲኮ እስከዚያ የመጣነው በአሥር ደቂቃ ነበር።

«አባዬ፣ ቤንዚኑን የጨረሰው ስንብትህ ነው» አልኩት መንገድ ላይ።

ተቆጣ። «ሰው ደጅ ሞተር አጥፍቼ አልገባም ልበል? ነውር አይደለም?»

«እንግባ ታዲያ።»

«ኑሮው እንዲህ ተወዶ፣ እሷ ብቻዋን ከላይ ከታች ብላ የምትኖር ሴት፣ ገብቼ ወጪ ላብዛባት?»

ለካ እሳቸውን ከወጪ ለማዳን ነበር የእኛን ቤንዚን የሚያነደው። የቀሩትን ቀናት በነጠላ ጫማዬ፣ እግሬን እያነሳሁ፣ አፌን ዘግቼ ነዳሁ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እማማን እንደገና አደረስናቸው። ቀስቷ ሙሉ በሙሉ ተኝታለች። ሁለት ቀን ብቻ ነበር የቀረን።

«ግቡ እንጂ» አሉ እማማ ወርደው።

«አይ፣ ሞተር አላጠ…»

መኪናዋ ሁለት ጊዜ ሳለችና ቀጥ አለች። ሰፈሩ ድንገት ጸጥ አለ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ምንም የለም። እማማ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው አባቴን አዩት።

«አሁንስ ጠፋልህ» አሉት።

ክንዱን ይዤ አስገባሁት። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ከድሮው ቤት ያመጡትን ሳጥን ወዲያው በእጁ ዳብሶ ለየው። ሻይ ተቀዳ፤ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ድፎ ዳቦ ተገለጠ።

«ወላሂ፣ ከቤት በወጣሁ ቁጥር ምናልባት ይዛችሁኝ ብትመጡ ብዬ ሸፍኜ አስቀምጣለሁ» አሉ። «አንተ ደጄ ደርሰህ ስትመለስ ይህችን ክፍል የናቅሃት ነበር የሚመስለኝ።»

አባቴ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። «ወጪሽ አሳስቦኝ እኮ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ሻይ ነው ያልኩህ። በሬ አርዳለሁ አልኩህ?»

እማማ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ አባቴም ሳቀ። ሦስት ቁራሽ በላ፤ እቤት አንዱን የማይጨርሰው ሰውዬ። እኔ ሳቃቸውን እየሰማሁ፣ ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ እሱን ቤት የተውኩባቸውን ቀናት ሁሉ አሰብኩ።

ስንወጣ ግን ፊቱ ተለወጠ። እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ፣ «ቃል ቃል ነው። ገዢ አፈላልጋለሁ» አለ።

በጀሪካን ቤንዚን መቅዳት ስለተከለከለ መኪናዋ ራሷ መሄድ ነበረባት። የእማማ ጎረቤቶች ወጥተው እየተሳሳቁ ይገፏት ጀመር፤ እኔ መሪ ያዝኩ፤ አባቴ በእማማ ተደግፎ አንድ መዳፉን ከኋላ ለጥፎ ተከተለ። ማደያው ስንደርስ ላቡን እየጠረገ ጋቢና ገባ።

«በዚህኛው ጉዞ ጠብታ አልነካንም» አለኝ። ከልቡ ነው።

ተራችን ደረሰ። ቀጂዋ ወደ መስኮቴ መጥታ «ስንት ልቅዳ?» አለች። አባቴ ፊቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረ።

«ሙሉ» አልኳት።

ቀስ ብሎ ዞረ። «ሁለት ቀን ይቀረው ነበር እኮ።»

«ወሩ የሚቆጠረው ከዛሬ ነው» አልኩት።

መኪናዋ አልተሸጠችም። አሁን እማማ ደጃፍ ስንደርስ «ግቡ» እስኪሉን አንጠብቅም። እኔ ፍሬኑን ገና ሳልይዝ አባቴ እጁን ይዘረጋል፣ ዳብሶ ቁልፉን ያገኛል፣ ሞተሩን ያጠፋዋል።