ለወይኒቱ ትከሻ የተቆረጠ ሰደፍ

እኔ በር፣ አልጋና ቁም ሣጥን ሠሪ ነኝ። ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም ብል ውሸታም ነኝ፤ ጎጃም ተወልጄ እንዴት አልነካም? ጠመንጃ ሠርቼ ግን አላውቅም። ስለዚህ ወይኒቱ ቡሬ ያለው ሱቄ በር ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዛ ስትቆም፣ የአልጋ እግር ተሰብሮባት የመጣች ነበር የመሰለኝ። ከረጢቱን ስትፈታው አሮጌ ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ ወጣ።

«አያ ካሴ፣ ሰደፉን ይቁረጡልኝ» አለችኝ።

«ሰደፉ ምን በደለሽ?»

«ረዘመብኝ። ትከሻዬ ላይ አልገባ ብሎ፣ ስተኩስ ይጥለኛል።»

ወይኒቱን አውቃታለሁ። ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ እኔ በተወለድኩበት ቀበሌ ነው የምትኖረው። ባሏ ተስፋው በበጋው ታሞ ሁለት ሴት ልጆች ትቶላት ሞተ። ቁመቷም ክንዷም አጭር ነው፤ አንደበቷ ግን ለማንም አይመለስም። ጠመንጃው የተስፋው ነበር። ፈቃዱ በስሟ መዞሩን የሚያሳየውን ወረቀት ሳልጠይቃት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

ተኩስ ለምን እንዳስፈለጋት ልንገራችሁ። ማሳዋ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ገደሉ ውስጥ ደግሞ የዝንጀሮ መንጋ ይኖራል። በቆሎው እሸት ከያዘበት ቀን ጀምሮ እስኪሰበሰብ ድረስ የአፋፉ ገበሬዎች በተራ ይጠብቃሉ። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰው ያወጣል፤ ያ ሰው የሁሉንም ማሳ ይጠብቃል። ጠባቂ የማያወጣ ቤት ማሳውን ጠባቂ ላለው ቤት የእኩል ይሰጣል፤ ግማሹ ምርት ሄደ ማለት ነው። እርሻውን የገዛ ወንድሟ በበሬው ያርስላታል፤ ለጥበቃው ግን ቤቱ ሩቅ ስለሆነ አይደርስላትም። የባሏ ወንድም እንድሪያስ ማሳውን የእኩል ልያዝልሽ ብሏት ነበር። እንድሪያስ ክፉ ሰው አይደለም፤ የምር ያዘነላት መስሎታል። ወይኒቱ ግን ግማሽ በቆሎ ልጆቿን ዓመት እንደማያደርስ ታውቃለች። አንድ ጊዜ የእኩል የወጣ መሬት ተመልሶ ሴት እጅ ሲገባ ደግሞ እኔም አላየሁም።

ችግሩ ዝንጀሮ ሴት አይፈራም። ይህን የማያውቅ የከተማ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ። ወንድ ከሩቅ ሲያይ የሚፈረጥጥ መንጋ፣ ሴት ድንጋይ ብትወረውርበት ቀና ብሎ አይቷት እሸቱን መላጡን ይቀጥላል። ስለዚህ የጥበቃው መሪ ቄስ ገብረሰንበት፣ ወይኒቱ ተራ መግባት ከፈለገች ተኩሳ ማባረር መቻሏን በዓይናችን እንይ ብለው የመስቀልን ማግስት ቀጠሩ። ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበር።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየሁ። ከዚያ ክርኗን አሳጠፍኳትና ሰደፉን ክርኗ እጥፋት ላይ አስደግፌ፣ ጣቷ ቃታው ጋ ይደርስ እንደሆነ ለካሁ። ሦስት ጣት ጎደላት። እንግዲህ ለትከሻዋ መመከቻ ጎማ መግጠም አለብኝ፤ ጎማው ራሱ አንድ ጣት ውፍረት አለው፤ ስለዚህ እንጨቱን አራት ጣት ቆረጥኩ። በዚህ ብልጠቴ ቀኑን ሙሉ ስኮራ ዋልኩ። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ መቁረጫውን ዙሪያ በፕላስተር አስሬ በቀጭን መጋዝ ነው የቆረጥኩት። ከስር የስፖንጅ ጫማ ሶል፣ ከላይ የመኪና ጎማ አድርጌ በማስቲሽ አጣበቅኩት። ሁለት ብሎን ጨመርኩበት፤ ትከሻዋን እንዳይወጉ ጭንቅላታቸውን ጎማው ውስጥ ቀበርኩት። ዳር ዳሩን ሞርጄ ስጨርስ፣ ከፋብሪካ የወጣ ነው ብትባሉ ታምኑ ነበር።

በአራተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ሰላም እንኳን አላለችኝም። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ፤ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ ጠቁሯል።

«ልክዎ ውሸት ነው» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «ሠላሳ ዓመት ለክቻለሁ! የእኔ ልኬት አይዋሽም!»

«እንግዲያው ክንዴ ነው የሚዋሸው?»

ከረጢቷን ፈታች። ከውስጡ የተስፋውን ወፍራም ካፖርት አወጣችና በጋቢዋ ላይ ደረበችው፤ ባርኔጣውንም ደፋች። ከዚያ ጠመንጃውን አነሳች። ሰደፉ ብብቷ ስር ካፖርቱ ላይ ተወትፎ ቀረ። ጎማው ሱፉን ነክሶ አልንሸራተትም አለ፤ ትከሻዋ ጋ መድረስ ሲገባው ክንዷ ላይ ቆመ። የተመታችው በምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

«ይሄን ለብሰሽ ነው የምትተኩሺው?»

«ታዲያ! ዝንጀሮው ወንድ እንድመስለው ነዋ።»

«ስለካሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎስ የአፋፉ ልጅ አይደሉም? ለምን አልጠየቁኝም?»

አፈርኩ። እናቴ የአባቴን ካፖርት ለብሳ ዝንጀሮ ስትጠብቅ ነው ያደግኩት። የአፋፉ ሴት ሁሉ ባሏ በሌለበት ቀን እንዲያ ታደርጋለች። እኔ ደግሞ ይህን እያወቅኩ በስስ ቀሚሷ ለክቻት አረፍኩ። ካፖርቱና ጋቢው ተደርበው ሁለት ጣት ይሞላሉ።

ብሎኑን ፈትቼ ሁለት ጣት ደግሜ ቆረጥኩ። ከሱፍ ጋር የሚጣላውን የጎማውን የላይኛ ጠርዝ አድቦልቡዬ ለስላሳ ቆዳ አለበስኩት። ካፖርቱን እንደለበሰች አሥር ጊዜ አነሳችው፤ አሥሩንም ጊዜ ትከሻዋ ላይ ገባ። የተቆረጠውን እንጨት ሻይ አፈላሁበት።

በመስቀል ማግስት ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ሥራዬን ማየት እፈልግ ነበር፤ ብትወድቅ ደግሞ የማነሳት እኔ ልሁን ብዬ ነው። ቄስ ገብረሰንበትና እንድሪያስ ማሳው ዳር ካለው ሾላ ስር ተቀምጠዋል። ፀሐይ ሞቅ ሲል መንጋው ከገደሉ ወጣ። ወይኒቱ ካፖርቷን ለብሳ የጥበቃው ማማ ላይ ቆማ ነበር። አነሳችና ከራሳቸው በላይ ተኮሰች። ትከሻዋ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደ እንጂ እግሯ ንቅንቅ አላለም። መንጋው እየተንጫጫ ገደል ገባ። ደስ ከማለቴ የተነሳ አጨበጨብኩ።

እንድሪያስ ግን ራሱን ነቀነቀ። «የሸሹት የወንድሜን ካፖርት ፈርተው ነው» አለ። «ይህ ካፖርት አንድ ቀን ያረጃል። ጥይትም ያልቃል። ያኔ ሴት መሆኗን ሲያውቁ የሁላችንንም ማሳ ይጨርሱታል።»

ያለው ነገር ጨርሶ ሐሰት አልነበረም። ቄስ ገብረሰንበት ጢማቸውን ማሻሸት ጀመሩ። ጢማቸውን ሲያሻሹ «ለጊዜው ይቆይ» ሊሉ ነው፤ ይቆይ ያሉት ነገር ደግሞ ቆይቶ ይቀራል።

ወይኒቱ ከማማው ወረደች። «አባታችን፣ ሐሙስን ይስጡኝ» አለች። «በቀሚሴ እቆማለሁ።»

«ልጄ፣ በቀሚስሽማ ይንቁሻል።»

«ይናቁኝና እንተያይ።»

በማግስቱ ሱቄ ውስጥ ናት። ጠመንጃው አሁን ያለ ካፖርት ሁለት ጣት አጥሯታል፤ ስታነሳው አውራ ጣቷ አፍንጫዋን ሊመታ ይደርሳል። «እንጨት መቀጠል ይቻላል?» አለችኝ። እንጨቱ ሻይ ሆኗል አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። ከዚያ አሮጌውን ጎማ አንስቼ ሦስት ድርብ ስፖንጅና አዲስ ጎማ ደረብኩበት፤ ረጅም ብሎን ፍለጋም ገበያውን ዞርኩት። አሁን በቀሚሷ ለካኋት። እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ለክቼ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሽ አስራ ማማው ላይ ወጣች። መንጋው መጣ። አዩዋት። ግድም አልሰጣቸውም። የመንጋው አውራ መሐል ማሳ ድረስ ገብቶ፣ ወደ እሷ ዞሮ ተቀመጠና አንድ እሸት ቀነጠሰ። እንድሪያስ ድንጋይ ይዞ ብድግ ሲል ቄስ ገብረሰንበት ነጠላውን ጎትተው አስቀመጡት። ወይኒቱ አልቸኮለችም። አውራው እሸቱን እስኪልጥ ጠበቀችና አንዴ ተኮሰች። አውራው እዚያው ቀረ። የቀሩት እየተጋፉ ገደሉን ወረዱ።

ከቀትር በኋላ ተመልሰው አፋፉ ላይ ብቅ አሉ። ጠመንጃው መሬት ላይ ባዶውን ተጋድሟል፤ ወይኒቱ ማማው ስር ቆማ ውሃ ትጠጣለች። የፊተኞቹ ቀሚሷን አዩ፤ ትንሽ ቆሙ፤ ዞረው ሄዱ። ማንም አልተኮሰም፣ ማንም አልጮኸም።

«ሐሙስ የወይኒቱ ተራ ነው» አሉ ቄስ ገብረሰንበት።

እንድሪያስ ወደ እሷ ቀረበ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «የወንድሜን ካፖርት ጣልሽው?» አላት።

«አልጣልኩትም፤ ሣጥን ውስጥ ነው» አለችው። «እስከ ዛሬ የሚፈሩት ተስፋውን ነበር፣ እንድሪያስ። ተስፋው ሞቷል። ከእንግዲህ እኔን ይልመዱኝ።»

እንድሪያስ ጎንበስ ብሎ ጠመንጃውን ከመሬት አነሳ። በነጠላው ጫፍ አቧራውን ጠረገና በሁለት እጁ ሰጣት።