ሐሚዳ ጢስ የተቀመጠች ለት

ሐሚዳን አውቃታለሁ ለማለት አልደፍርም። መተማ ዮሐንስ ገበያ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰላም ተባብለናል፤ አንድ ቀንም ከእሷ በርበሬ ገዝቻለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር የለንም። ይህን የነገረችኝ ታይቱ ናት። ታይቱም ብትሆን ከሐሚዳ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ኖራ ሳለ፣ «እኔስ መች አወቅኋት» ትላለች። የተሳሳተ ቢኖር እንግዲህ ከእኔ ነው።

ታይቱ ከአቸፈር የወረደችው በ1979 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ነው። ቆላ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነበር። አጨዳው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ወባ ጣላት። አብረዋት የመጡት የአገሯ ልጆች ደግፈው ሐሚዳ ደጃፍ ጥላ ስር አስቀመጧትና ወደ ሌላ እርሻ አለፉ። ሐሚዳ የማን ልጅ ነሽ፣ ሃይማኖትሽ ምንድን ነው አላለቻትም። ደግፋ አስገባቻት፣ ከአልጋዋ አጠገብ ሰሌን አነጠፈችላት፣ ትውከቷን ሳይቀር ጠረገችላት። ኪኒኑን ከየት እንዳመጣችው ታይቱ እስከ ዛሬ አታውቅም። በአሥረኛው ቀን ቆማ ሄደች። ሐሚዳም ሂጂ አላለቻት፣ እሷም ልሂድ አላለች፤ እንዲሁ አብረው ቀሩ።

ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ ሁለት መዳፍ የምታህል መስኮት። አንድ የጠፍር አልጋ፣ የውሃ ጋን፣ ጥግ ላይ ምድጃ፣ ሁለት ጆንያ ማሽላ፣ ከምሰሶው ስር ደግሞ በሸክላ ክዳን የተከደነ ትንሽ ጉድጓድ። አንዷ ካልተቀመጠች ሌላዋ መዞር አትችልም። ሐሚዳ በጥቅምት መጨረሻ ሃያ ስድስት እግር ባንጎ የሰቀለችው እዚህ ቤት ውስጥ ነው።

ባንጎ ሱዳኖቹ ያወጡለት ስም ነው፤ ቀበሌው ሐሺሽ ይለዋል። የዘራው ባሏ ጀይሉ ነበር፣ ከጓሮው ማሽላ መሀል፣ ከአገዳው ጋር አመሳስሎ። ነሐሴ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ሲጠራ ጀይሉ ወንዙን ተሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት ገባ። ማሽላው ሲደርስ ሐሚዳ ጨነቃት። አገዳው ከታጨደ ባንጎው ብቻውን ቆሞ ይቀራል፣ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ነቅላ ብታቃጥለው ጢሱ ያጋልጣታል። አንድ የገላባት ነጋዴ ደግሞ፣ «ደርቆ ካየሁት እወስደዋለሁ፤ እርጥቡ መንገድ ላይ ይሻግታል» ብሏታል። በለውጡ የሚሰጣት ስኳርና ጨርቅ እስከ ክረምት የሚያቆያት ነው። ስለዚህ ገመዱን ከምሰሶ ግድግዳ ሦስት ጊዜ አመላለሰችና እያንዳንዱን ቁልቁል ዘቅዝቃ ሰቀለችው።

ከዚያ ወዲያ ታይቱ የምትተኛው ከቅጠል በታች ሆነ። ብድግ ስትል ጸጉሯን ይነካታል። ሽታው የተቀጠቀጠ ጤና አዳም ከአውራ ፍየል ጋር የተደባለቀ ይመስላል፤ እህሉም ውሃውም እሱን እሱን ይል ጀመር።

«መስኮቱን ልክፈተው፣ አፈነኝ» ትላለች ታይቱ።

«ክፈችውና ደምለውን ምሳ ጋብዥው።»

ደምለው የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ነው።

«ተዘግቶስ ሊበሰብስ አይደል?»

«መንደሩ ወጥ ሲሠራ እከፍተዋለሁ። ሽንኩርት ሲቁላላ ማን የማንን ሽታ ይለያል? አይ ታይቱ፣ አንች ከሰሊጥ በቀር ምን ታውቂያለሽ?»

እንዲያ ነበር የሚያደርጉት። ራት ሰዓት ላይ መስኮቱ ይከፈታል፣ ሌላውን ጊዜ ጨርቅ ይወተፍበታል። ሐሚዳ ጠዋት ጠዋት አንዱን ግንድ ታጥፈዋለች። ይለመጥባታል። «ገና ነው» ብላ ትወጣለች። ታይቱን የወባው ፍርሃት ለቋት በቦታው ሌላ ፍርሃት ገብቷል።

ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረፋዱ ላይ፣ ሐሚዳ ወንዝ ወርዳ ታይቱ ደጃፍ ላይ ማሽላ እየለቀመች ሳለ ፊሽካ ተነፋ። ጎረቤቷ ሙሚና ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች።

«አሰሳ ነው። ከላይኛው ሰፈር ጀምረዋል።»

«ምን ፈልገው?»

«ወንድ ነዋ። ከውትድርና የሸሸ። የኔን ሽማግሌ ቢወስዱልኝ መረቅሁ፣ ግን እሱን ማን ይፈልገዋል።»

«ቤት ይገባሉ?»

«ከአልጋ ስር፣ ከጆንያ ኋላ፣ የትም ይገባሉ» አለችና ሙሚና ተመለሰች። ስለ ባንጎው የምታውቀው የለም።

ታይቱ ገብታ በሩን ዘጋችና ገመዱን አየች። አውርዳ የምታስቀምጥበት ቦታ የለም፤ አልጋው ስር አይበቃም፣ ጆንያው ሙሉ ነው፣ ጓሮው ከአራት ቤት ይታያል። ዓይኗ ምሰሶው ስር ያለው ጉድጓድ ላይ አረፈ።

ባለፈው ወር ሙሚና ቤት ያየችው ትዝ አላት። ሱዳኖቹ ዱኻን የሚሉት የሴቶች ጢስ ነው። ሙሚና እንዲህ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ጠልህ የተባለውን ግራር አጭሳ፣ ልብሷን አውልቃ፣ ሸምላ በሚሉት የሱፍ ብርድ ልብስ እስከ አንገቷ ተጀቡና ላዩ ላይ ተቀምጣ ነበር። መዋጮ ሊሰበስቡ የመጡ የቀበሌ ሰዎች ጢሱን ገና ሲያሸቱ እየተሽኮረመሙ ተመለሱ። ታይቱ ምንድን ነው ብላ ብትጠይቃት ሙሚና ስቃ፣ «ገላ ነው፣ አጥንት ያፍታታል» አለቻት። ታይቱም የምች መድኃኒት መስሏት ቀረ።

የሸክላውን ክዳን አነሳች። ጉድጓዱ አመዱ ተጠርጎ ንጹሕ ነው። የጠልህ እንጨትም ከአልጋው ራስጌ ተፈልጦ ተከምሯል። የእግዜር ሥራ ነው አለች በልቧ። ከምድጃው ፍም ዝቃ ጨመረችና እንጨቱን ደረደረችበት። ወፍራም፣ ጣፋጭ ጢስ ቤቱን ሞላው። የባንጎው ሽታ ወዲያው ተዋጠ።

ሐሚዳ ጀሪካን ተሸክማ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ከበሩ አላለፈችም።

«ምን እያረግሽ ነው?»

«አሰሳ መጥቷል። ሽታውን ይሸፍንልናል። አንችም ተቀመጭበት፣ ወንድ አይገባም፤ ሙሚና ቤት አይቻለሁ።»

«የሙሚና ባል ከካርቱም ገብቶ ነበር» አለች ሐሚዳ ቀስ ብላ።

«ቢገባስ?»

«ይህን ጢስ ባሏ የሌለ ሴት አትቀመጠውም። ሽታው ከቤት ከወጣ መንደሩ ሁሉ ጀይሉ ገባ ይላል።»

ታይቱ እጇን ወደ ጀሪካኑ ሰደደች። «ውሃ ላፍስበት?»

ፊሽካው ሦስተኛው ቤት ደርሷል። ሐሚዳ ገመዱን አየች፣ ጉድጓዱን አየች።

«አሁንማ ሸቷል። ብታጠፊው ሰተት ብለው ይገባሉ። ያንን ካዩ ደግሞ እኔም አንችም ጎንደር ወህኒ ነን።» ጀሪካኑን አወረደች። ቀሚሷን ባንገቷ አወጣች። «ሸምላውን አቀብይኝ።»

ደምለው ሲመጣ ዓሊ የተባለው የሰፈሩ ልጅ ጠመንጃ ይዞ ተከትሎታል። ታይቱ በሩ ላይ ቆመች።

«ሴት ጢስ ላይ ናት» አለች።

«የምን ጢስ?» ደምለው ደገኛ ነው፤ ዓሊ በጆሮው አንሾካሾከለት።

ሙሚና ከአጥሩ ወዲያ እልልታዋን አቀለጠችው። «ሐሚዳ፣ ምነው ደበቅሽን? ጀይሉ ሲገባ እኛ ጎረቤት አይደለንም? እኔ እኮ የኔው የገባ ለት ለፍየሏ ሳይቀር ነግሬያለሁ።»

የደምለው ፊት ተለወጠ። «ባሏ መቼ ገባ?»

«እኔ እንግዳ ነኝ፣ ጓድ። የማውቀው የለም።»

«ሐሚዳ፣ ባልሽ የት ነው?»

ከውስጥ ሳል መጣ። «ራቁቴን ነኝ፣ ጓድ ደምለው። ካላፈሩ ይግቡና ይጠይቁኝ።»

ደምለው አንድ እግሩን አነሳ። ዓሊ ክንዱን ያዘው። «ይህስ አይሆንም፣ ጓድ። ከገባን በዚህ ሰፈር ዳግመኛ ውሃ የሚሰጠን የለም። እናቴም ቤት አታስገባኝም።»

«እንግዲያው ትውጣ።»

«እንጨቱ ሳያልቅ አትወጣም፣ ብርድ ይመታታል» አለች ታይቱ። ከየት እንዳመጣችው አታውቅም።

«እንጠብቃለና» አለና ደምለው ከመስኮቱ ስር፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

ታይቱ ገብታ በሩን መለሰች። እሳቱ ከጠፋ ሐሚዳ መውጣት አለባት፤ ነበልባል ካወጣ ደግሞ ከላይ የተሰቀለው ቅጠል፣ ከቅጠሉም ክዳኑ ይያያዛል። ተንበርክካ አንዳንድ ፍላጭ እየጨመረች፣ ነበልባል ብቅ ባለ ቁጥር በአመድ ታዳፍናለች። የሐሚዳ ላብ ከአገጯ ይንጠባጠባል። እግሮቿ ከጉድጓዱ ከንፈር ግራና ቀኝ ናቸው፤ ቆዳው ሲቀላ፣ ከዚያም ውሃ ሲቋጥር ታይቱ አየች።

«ተቃጠልሽ እኮ» አለች በሹክሹክታ።

«ጨምሪ።»

በሙቀቱ የደረቀ አንድ ቅጠል ከላይ ተፈናጥሮ ወረደና ፍሙ ላይ አረፈ። ታይቱ ልታወጣው እጇን ስትሰድ ቀድሞ ጤሰ። ከግድግዳው ወዲያ ደምለው አፍንጫውን ሲስብ ይሰማል።

«ይህ ደግሞ ሌላ ነው። ምንድን ነው እሚሸተው?»

ታይቱ አመድ ዝቃ ቅጠሉ ላይ ደፋችበት።

«ሴቶቹ የማይጨምሩበት ምን አለ፣ ጓድ» አለ ዓሊ። «ቅመሙ ብዙ ነው። ሲያገቡ ያውቁታል።»

«ዝም በል።»

ከዚያ ዓሊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጓድ፣ እዚህ ምን እንጠብቃለን? ባሏ ቤት ውስጥ ቢሆን እሷ ጢስ ላይ ባልተቀመጠች። ይህ እኮ ለሚመጣ ባል ነው። ማታ ነው እሚመጣ፣ ሰው ሲተኛ» አለው።

ደምለው አሰብ አደረገና ተነሳ። አፈሩን ከሱሪው ሲያራግፍ ሰሙት። «ወንዙ ላይ ነው እምንይዘው። ያሉትን ሁሉ ጥራልኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ መሻገሪያው ላይ ነን።»

እርምጃቸው ሲርቅ ታይቱ ግንባሯን መሬት ላይ ደፋች። «ተረፍን» አለች። ሐሚዳ ግን ዓይኗን ጨፍና እዚያው ጢሱ ላይ ቆየች፤ እንጨቱ አልቆ ፍሙ አመድ እስኪለብስ አልተነሳችም። ከዚያ በተላጠ እግሯ እየተጎተተች ደጃፉ ላይ ወጣችና ወደ ወንዙ ዞራ ተቀመጠች። እስኪመሽ ከዚያ አልተነሳችም።

ደምለውና ሰዎቹ መሻገሪያውን አሥራ አንድ ቀን ጠበቁ። የተያዘ የለም። ጥበቃው ሁሉ እዚያ ስለነበር የነጋዴው ሰው ባንጎውን ከማሽላ ጋር በጆንያ አድርጎ፣ በአህያ ጭኖ፣ በሌላ መንገድ፣ በሽንፋ በኩል ይዞት ወጣ። ሲጭን አሸተተና፣ «ወላሂ፣ ይህ የሙሽራ ሽታ ነው» ብሎ ሳቀ። ሐሚዳ አልሳቀችም።

ጀይሉ ከዚያ ወዲህ መተማ አልታየም። አንዳንዱ ገዳሪፍ ሌላ አግብቷል ይላል፤ አንዳንዱ አንድ ማታ እስከ ወንዙ መጥቶ የጥበቃዎቹን የሲጋራ ፍም አይቶ ተመለሰ ይላል። ሐሚዳ ፊት ግን የሚያነሳው የለም።

በዓመቱ ሁለቱ ሴቶች የሰው ሰሊጥ ያራግፉ ነበር፤ የደረቀውን ነዶ ሸራ ላይ ዘቅዝቀው በዱላ መታ መታ ማድረግ ነው። ሐሚዳ ቀሚሷን ሰብሰብ ስታደርግ ታይቱ ጠባሳውን አየችው። ዓመቱን ሙሉ ሆዷ ውስጥ ሲብላላ የኖረው ነገር ያን ጊዜ ወጣ።

«ሐሚዳ፣ ያን ለት ጉድጓዱ ተጠርጎ ነበር። እንጨቱም ተፈልጦ ነበር። እኔ አይደለሁም የፈለጥሁት።» ዱላዋን አስቀመጠች። «ጀይሉ ሊመጣ ነበር?»

ሐሚዳ የያዘችውን ነዶ እስከ መጨረሻው አራገፈች። ባዶውን ወደ ጎን ጣለችና ሌላ አነሳች።

«ሸራውን በዚያ በኩል ያዥው» አለች። «ነፋስ መጣ።»