ሞተር የሚያዳምጡት አጎቴ

አጎቴ ያን ዕለት ሞተሩ ውስጥ አየር በየት በኩል እንደሚገባ እያወቁ ነበር እንዴ የጠየቁኝ? ዛሬም መልሱን አላገኘሁትም።

በደርግ ጊዜ፣ ልደታ ግቢያችን ውስጥ፣ በእጃቸው የሠሯትን፣ ክንድ የምታህል ትንሽ አውሮፕላን ሞተር ያስነሡ ነበር። ሞተሩ ሲያስቸግር ሌላው ሰው ወዲያው የነዳጁን መጠን የሚቆጣጠረውን ብሎን ያዞራል። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ያዳምጣሉ፤ በዙሪያቸው ያለው ሁሉ የሰማውን ካልተናገረም መፍቻ አያነሡም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ መጽሐፍ ይዤ ጥግ መቀመጥ እንጂ ወንዶች መካከል መናገር አልለመድኩም ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ወሬው ሲደራ፣ ዝም ያለውን ሰው ፈልጎ የሚጠይቅ ጠፍቷል።

አንድ እሑድ ሞተሩ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ክፉኛ ጋለ። ከተቃጠለ ምትክ አይገኝለትም። ጎረቤታችን ባለጋራዡ፣ «ልደታ ማርያም እዚሁ ናት፤ ጠበል አስረጭለት!» ብሎ አሾፈባቸውና ብሎኑን ሊያዞር እጁን ዘረጋ።

«ተው እንጂ! ልጅቷ መች ተናገረች?» አሉ አጎቴ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ነዳጁ አይደለም» አልኩ። «በኋላው ክዳን በኩል አየር ይስባል። ሲያፏጭ ይሰማኛል።»

አጎቴ ክፍተቱን እንዲደፍን በክዳኑ መጋጠሚያ ላይ የጉሎ ዘይት ጠብ አደረጉ። ድምፁ ወዲያው ተስተካከለ። ባለጋራዡ እጁን ሰበሰበ። አጎቴም ሞተሩን አጥፍተው፣ ክዳኑን እንዳጠብቅ መፍቻውን ለእኔ አቀበሉኝ።